አይዳ የመረጠቻት ሴት

እሑድ፣ ኦክቶበር 5፣ 2008

ይህ የቃለ ጉባኤ ደብተር ነው። ከፊት በኩል የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ስብሰባ ተጽፎበታል፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከኋላ በኩል ለራሴ እጽፋለሁ። መሀል ላይ ሲገናኙ አቆማለሁ።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ሉዋምን ልንጠይቅ ሄድን። የአስመራ ልጅ ናት፤ ሃውገንስቱዋ በሚባለው ሠፈር፣ እኛው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ወንድ ልጅ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ስድስት ሴቶች ነበርን። ልጄ አይዳም ነበረች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ። እትዬ ፋንታዬ ሕፃኑን ተቀበሉ፤ ሳሙት፤ ባረኩት፤ ከዚያ የሱፍ ኮፍያውን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው ጆሮውን አዩ።

ሁላችንም ጎንበስ አልን።

እንዲህ ነው የሚደረገው። አዲስ የተወለደ ልጅ ሁሉ ቀይ ነው፤ ኋላ የሚይዘው መልክ የሚታወቀው በጆሮው ጫፍና በጥፍሩ ሥር ነው ይባላል። የሚታየው እንደ ቀልድ ነው። ሁልጊዜ እንደ ቀልድ ነው።

«ጠቆር ይላል» አለች አንዷ።

«ኧረ ጥላው ነው፤ ወደ መስኮቱ ያዙሩት።»

እትዬ ፋንታዬ ወደ መስኮቱ አዞሩት። «አትስጉ። ጠይም ነው የሚሆነው። ከጠይም አያልፍም።»

ሉዋም አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። ግን ከሁላችንም ዘግይታ።

አንገሸገሸኝ። ክፍሉ ወተትና እርጥብ ካፖርት ይሸት ነበር፤ ምናልባት እሱ ይሆናል። የስድስት ሴት ትንፋሽ በአንድ ትንሽ ጆሮ ላይ። እኔም አይቻለሁ። ማየት ብቻ ነው። አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

አይዳ ጥርሷን እየቦረሸች፦ «ማሚ፣ የኔን ጆሮ ማን አየው?»

«ማንም። ነርሷ።»

«ነርሷ ለምን?»

«ትሰሚ እንደሆነ ለማወቅ።»

አፏን ተጉመጥምጣ ተፋች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንዳንዴ ስታየኝ፣ ተከሳሽ እሆናለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ቶየን ሠፈር፣ የምናመልክበት አዳራሽ። ኖርዌጂያኖቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ እኛ እንገባለን፤ ወንበሮቹ ገና ሙቀት አላቸው። ይህም ያስጠላኛል፤ በሰው ሙቀት ላይ መቀመጥ።

ከአምልኮ በኋላ ስብሰባ ነበር። ቢደሉ፣ የሠፈሩ አስተዳደር ማለት ነው፣ ደብዳቤ ልኳል። የልጆች በዓል ካዘጋጀን የማሳያ ሰሌዳና ድምፅ ማጉያ ይሰጠናል። ርእሱም ተመርጦልናል፦ «ቆዳቸው ባለ ቀለም ለሆኑ ልጆች መልካም አርአያ»። እያንዳንዱ ልጅ እንደ እሱ ልሁን የሚለውን ሰው ፎቶ ያመጣል፤ ስለዚያ ሰው ይናገራል። ቀኑ ኖቬምበር 30።

ሊቀመንበራችን አቶ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ባለ ቀለም ሲሉ እኛን ይጨምራል?»

«ድምፅ ማጉያውን ለማግኘት ይጨምራል» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እትዬ ፋንታዬ አልሳቁም። «ቁም ነገር እናውራ እንጂ። እኛ ልጆቻችን ከነዚያ ጋር እንዳይደባለቁ እንደክማለን፤ እነሱ ጥቁር ጥቁር እያሉ አንድ ላይ ይከቱናል። ልጆቹ ማየት ያለባቸው ሐበሻ ነው።»

ይህ ሲባል አሪየት ከኋላ ወንበር ትደረድር ነበር። አሪየት የጋምቤላ ሰው ናት፣ አኙዋክ። አውቶቡስ ትነዳለች። አራት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር አምልካለች፣ አራት ዓመት ሙሉ የመጨረሻው ረድፍ ላይ። ወንበር የመደርደርና ቆሻሻ የማውጣት ተራ አለ። ተራውን የምጽፈው እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁልጊዜ እሷ ላይ ይወድቃል።

የወንበሮቹ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ከፊት በኩል እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «ኮሚቴው ሐሳቡን በደስታ ተቀብሏል።»

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ሥራ ቦታ። በእረፍት ሰዓት፣ በጥድፊያ።

እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የማጥባቸው አንዲት ሴት አሉ። ዛሬ ክንዴን ያዙና በአውራ ጣታቸው አሹት፤ እድፍ እንደሚያስለቅቅ ሰው። «አንቺ እኮ ያን ያህል ጥቁር አይደለሽም» አሉኝ። ደግ ሴት ናቸው።

«ታክ» አልኩ። አመሰገንኳቸው።

ከዚያ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ምን ለማስለቀቅ እንደሆነ እንጃ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ቤቱ ባዶ ነው። ባሌ በቃሉ አይዳን ዋና ወስዷታል። ጊዜ አለኝ፤ በደንብ ልጻፈው።

ምሳ ላይ፣ «ለበዓሉ ማንን መረጥሽ?» አልኳት።

«አሪየትን።»

በቃሉ የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ከእኛ ጋር ምሳ የሚበላው እሑድ ብቻ ስለሆነ እሑድ ቀልደኛ ነው። «እኔ ደግሞ አባቷን ትመርጣለች ብዬ፣ ለፎቶው ጸጉሬን ልስተካከል ነበር» አለ።

«አንተ እኮ ጸጉር የለህም፣ ፓፓ።»

«ሾፌሯን አሪየትን ነው የምትዪው?» አልኳት። ድምፄ እንደተለወጠ ሁለቱም ሰምተዋል።

ነገረችን። ትምህርት ቤቷ በአውቶቡስ አራት ፌርማታ ነው። ኦገስት ላይ፣ ከዕረፍት በተመለሱ ሰሞን፣ ሁለት ትልልቅ ልጆች ከኋላዋ ተቀምጠው «ኔገር»፣ ጥቁሮች የሚሰደቡበትን ቃል፣ እያሉ በዜማ ይዘፍኑባት ጀመር። የጃኬቷ ኮፍያ ውስጥ የማስቲካ ወረቀት ይከቱ ነበር። አሪየት ፌርማታ ላይ አቆመች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ ከመንጃ ክፍሏ ወጥታ መጣችና አይዳ አጠገብ ተቀመጠች። ከኪሷ መንደሪን አውጥታ መላጥ ጀመረች።

«ምንም አላለችም?»

«‹መንደሪን ትወጃለሽ?› አለችኝ። በአማርኛ።»

አንድ ሰውዬ ረፍዶብኛል ብሎ ተቆጣ። አሪየትም በኖርዌጂያንኛ «እኔም ረፍዶብኛል፤ እነሱ እስኪወርዱ ነው» አለችው። መንደሪኑን ለሁለት ተካፍለው በሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ ልጆቹን ያያል። መጨረሻ ላይ ወረዱ። አሪየት እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ወደ መሪዋ ተመለሰች።

በቃሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። ቀልዱ አልቆ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ሳህኗን አየች። «አንቺ ‹እሱ እኛን አይደለም› ነው የምትዪው።»

ብያለሁ። አንደኛ ክፍል ሳለች በዚያው ቃል ተጠርታ እያለቀሰች መጣች። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፦ እሱ እኛን አይደለም፤ እሱ ስለ ሌሎቹ ነው፤ አንቺ ሐበሻ ነሽ። እንባዋ ቆመ። መድኃኒት የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። የሰጠኋት ግን፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠሯት ወደ እኔ እንዳትመጣ የሚያደርግ ነገር ነው።

ሌላ ሴት መንደሪን ልጣ ሰጠቻት። እኔ ዓረፍተ ነገር።

በቃሉ ሲወጣ «ጥሩ ምርጫ ነው» አለኝ። «ነው» አልኩት።

ነው። ብቻ ሰው ምን ይል ይሆን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

አይዳ በአባቷ ካሜራ አሪየትን አንስታ መጣች። አውቶቡሱ በር ላይ፣ የሾፌር ደንብ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እጇ ከወገቧ ላይ፣ እየሳቀች። ፎቶው ጥሩ አይደለም። ብርሃኑ ከኋላዋ ነው። ፊቷ አይለይም፣ ጥርሷ ብቻ።

ይህን ጽፌ ፎቶውን እንደገና አየሁት። ፊቷ ይለያል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አሜሪካኖች ጥቁር ፕሬዚዳንት መረጡ። ቶየን፣ የሐበሻው የአለባቸው ሱቅ መስታወት ላይ ምስሉ ተለጥፏል፣ ከስልክ ካርዱ ማስታወቂያ በላይ። እትዬ ፋንታዬ ሱቁ ውስጥ ቆመው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «የእኛ ሰው» ይላሉ። «አባቱ እኮ ጎረቤታችን ነው። ከሞያሌ ማዶ።»

አንድ ልጅ ማስቲካ ሊገዛ ገባ፤ የኮንጎ ልጅ ይመስለኛል፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ እስኪወጣ ድረስ አለባቸው ዓይኑን ከልጁ እጅ ላይ አልነቀለም። በሩ ሲዘጋ፣ «እነዚህ ባሪያዎች» አለ፣ በአማርኛ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው። እትዬ ፋንታዬ እየጠረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመስታወቱ ላይ ሰውየው ይስቃል።

ምስር ገዝቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሁለተኛ እዚያ አልገዛም አልኩ። ግን ምስሩን ገዝቻለሁ።

ከዐሥራ አራቱ ልጆች ዐሥራ አንዱ ምርጫቸውን ወደ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቀይረዋል። አይዳ አልቀየረችም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ስብሰባው ሲበተን አቶ ተክለጻድቅ ወደ ካፖርት መስቀያው ሳቡኝ።

«እኅት ሠናይት፣ የልጅሽ ምርጫ ላይ ጥያቄ ተነሥቷል።»

«ማን አነሣ?»

«ተነሥቷል። አሪየት መልካም እኅት ናት፤ ክፉ ያለ የለም። ግን የቢደሉ ሰዎች ይመጣሉ። ዶክተር ሞልቶ፣ መሐንዲስ ሞልቶ፣ ሾፌር ምን እንላለን?»

የእርስዎ ልጅ የመረጠው እኮ እግር ኳስ ተጫዋች ነው፣ ማለት ነበረብኝ። ካፖርቴን አወረድኩ።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አይዳ መልኳ ወደዚያ ያደላል። ከዚያች ሴት ፎቶ አጠገብ ስትቆም ሰው ማያያዝ ይጀምራል። ስለ ዘር ማውራት የሚወድ አይጠፋም፤ ለአንቺ ብዬ ነው።»

ስለ ዘር። የአባቴ እናት ከከፋ ነው የመጣችው። እንዴት እንደመጣች ቤታችን ውስጥ አይወራም ነበር። አባቴ እናቱን በስሟ ነበር የሚጠራት፤ እሷ ልጇን «ጌቶች» ትለው ነበር። የምትበላው ወጥ ቤት ነው። ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለም።

«አስብበታለሁ» አልኳቸው።

ሲያወሩ አፋቸው ዝንጅብል ይሸታል። ሲዘምሩም ያው ነው። ለምን ይህን እጽፋለሁ። የሰው አፍ ጠረን መጻፍ ቀላል ስለሆነ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ሉዋም ምሳ ጠርታን ነበር። ልጁ ሰባት ሳምንቱ ነው። ጠቁሯል፤ ያምራል፤ ሰው አይቶ ይስቃል።

«ጆሮው ነግሮን ነበር» አሉ እትዬ ፋንታዬ። ሉዋም ልጁን ወደ ደረቷ አዞረችው። እትዬ ፋንታዬ ግን ጨዋታው ጥሟቸዋል፤ ወደ አይዳ ዞሩ። «ያንቺስ። ሆስፒታል ስመጣ እናትሽ ኮፍያሽን ወደ ታች እየጎተተች ታለቅሳለች። እኔ ነኝ ያባበልኳት። ወተት ስትጠግብ ትፈካለች፣ አልኳት።»

አይዳ ዳቦዋን ቆርሳ መጉረሷን ቀጠለች። ቀስ ብላ።

ደረጃውን ስንወርድ ነገርኳት፦ ምጡ ሠላሳ ሰዓት ፈጅቷል፤ ደክሞኝ ነው ያለቀስኩት።

«እሺ» አለች።

«ሠላሳ ሰዓት፣ አይዳ።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ኮፍያውን የጎተትኩት እንዳይበርዳት ነው። የተወለደችው በጁላይ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ልብስ ማጠቢያው እስኪጨርስ።

የኔ አርአያ ማን ነበር? የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። እሑድ እሑድ በቃል ጥናት ጎበዝ የነበረ ባለ ሥዕል ካርድ ይሸለማል። መላእክቱ ቢጫ ጸጉር ነበራቸው፤ እረኞቹም፤ በጎቹም ማለት ይቻላል። ሠላሳ ካርድ ሰበሰብኩ። እኔን የምትመስል አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጭ ሴትዮ መጽሐፍ ስታነብላት ወደ ላይ የምታይ። ያንን ካርድ ለሌላ ልጅ ሰጠሁት። በመልአክ ለወጥኩት።

በቃሉ አይዳ አጠገብ ሆኖ፣ በበዓሉ የምትናገረውን ስትለማመድ ያዳምጣታል። በሩ ክፍት ነው። «አሪየት ትልቅ አውቶቡስ ትነዳለች። ሰው ሲረብሽ አትጮህም።» እንደገና። «አሪየት ትልቅ አውቶቡስ ትነዳለች።»

በሩን ዘጋሁት። ማሽኑ ይጮሃል ብዬ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

አቶ ተክለጻድቅ ደወሉ። «አሰብሽበት?» መጦሪያው ውስጥ ሰዎቹን አጠብኩ፤ መድኃኒት አደልኩ፤ አንሶላ ቀየርኩ። ቀኑን ሙሉ ያ ዝንጅብል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ከሰዓት በኋላ፣ ቶየን። አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን። ዐሥራ አራት ካርቶን፣ ሙጫ፣ መቀስ። ፎቶዎቹን መለጠፍ የኔ ሥራ ነው። ያንን አንድ ፊት ዐሥራ አንድ ጊዜ ለጠፍኩት። ዐሥራ ሁለተኛው ኳስ ተጫዋች። ዐሥራ ሦስተኛው ዘፋኝ።

ከዚያ የአሪየት።

የሐበሾች ማኅበር በሚያወጣው መጽሔት ውስጥ የአንዲት የጥርስ ሐኪም ፎቶ አለ፤ ሓድነት ትባላለች፤ ክሊኒኳ ኦከርን ሠፈር ነው። አግኝቻት አላውቅም። አይዳም አታውቃትም። ነጭ ጋወን፣ የተተኮሰ ጸጉር፣ ጠይም። ቆረጥኩት። ለጠፍኩት። ለካርቶኑ በልኩ ነበር፤ ይህ እንደ ምልክት ታየኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ሰው ምልክት ያያል።

ከሥሩ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ሌሎቹ ልጆች የየራሳቸውን ጽፈዋል። እኔም በኖርዌጂያንኛ ጻፍኩ፦ «ሓድነት ሰዎችን ትረዳለች። እንደ እሷ መሆን እፈልጋለሁ።» በአይዳ የእጅ ጽሑፍ። ክብ የሆኑትን ፊደላት አሳብጣ ነው የምትጽፈው፤ እኔም አሳበጥኳቸው። እርሳሱን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትይዘው፤ እኔም ጠበቅ አደረግኩት። ምላሴን በጥርሴ ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ስጨርስ ነው። እሷም ስትጽፍ እንዲሁ ታደርጋለች።

አረጋውያን ሳጥብ የሚያጋጥመኝን ሁሉ አይቻለሁ፣ ሸትቻለሁ፣ በእጄ ጠርጌያለሁ። የራሴን እጅ እንደ ዛሬ ተጸይፌው አላውቅም።

የአሪየትን ፎቶ ወጥ ቤቱ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት። ከላይ የሙዝ ልጣጭና የእጅ ወረቀት ደረብኩበት።

ለአይዳ ብዬ ነው። ሰው እንዳያወራባት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

ሞልቶ ነበር። ከቢደሉ የመጣችው ሴትዮ ባለ ጥልፍ ሻርፕ አድርጋ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ልጆቹን ሁሉ «እንዴት ያምራሉ» ትላለች፣ ሰዎች ኬክ ሲያዩ በሚሉት ድምፅ። ዐሥራ አንድ ልጅ በየተራ ወጥቶ ያንኑ ሰው አመሰገነ። አምስተኛው ላይ ጋሽ አበጋዝ አንቀላፉ።

የመጨረሻዋ አይዳ ነበረች። ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ። ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ካርቶኗን ፈለገች፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ወደ መጨረሻው ተመለሰች። ቆመች። ጽሑፉን ከሥሩ በጣቷ ተከትላ አነበበችው። ሲበዛ ቆየች። አንድ ሰው ሳል አለ።

ማይኩን ያዘች። በኖርዌጂያንኛ፦ «ይህችን ሴት አላውቃትም። ጽሑፉንም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

አስቀመጠችው። ሄዳ ተቀመጠች። አሪየት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች።

ከሻርፑ ሴትዮ ጀምሮ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በኋላ ወጥ ቤት ጽዋ ሳጥብ አሪየት ገባች። በሩን ከኋላዋ ገፋ አደረገችው። ፎቶው በእጇ ነው፤ ተጠርጓል፤ ጥግ ላይ ቡናማ ነገር ቀርቷል።

«ትናንት ቆሻሻ የማውጣት ተራው የኔ ነበር» አለች።

ተራውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረስቼው ነበር። ረስቼው እንደሆነ።

«ለልጅቷ ልሰጣት ፈልጌ ነበር። ግን ‹የት አገኘሽው?› ትለኛለች።»

ያጠብኩትን ጽዋ እንደገና አጠብኩ። ውሃው ይፈሳል።

«የት አገኘሁት ልበላት?»

ቧንቧውን እሷ ዘጋችው።

«እንግዲያው እኔ አልወደድኩትም እላታለሁ። አይለጠፍብኝ ብዬ እናትሽን ለመንኳት፣ እላታለሁ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ሠናይት። ማታ ቤት ገብታ የምታድረው ከአንቺ ጋር ስለሆነ ነው።»

ማስቆም እችል ነበር። ከወጥ ቤቱ እስከ አይዳ ድረስ ዐሥራ አምስት እርምጃ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ማስቆም እችል ነበር። ጎንበስ ብላ ስትነግራት በበሩ በኩል አየሁ። የአይዳ ፊት መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ በአሪየት ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ።

«እውነት ነው፣ ማሚ?»

«እውነት ነው» አልኩ።

ከፊት በኩል፦ «በዓሉ በታቀደው መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል።»

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

አይዳ ትናንትም ዛሬም ትምህርት ቤት በእግሯ ሄደች። ሃያ አምስት ደቂቃ፣ በበረዶ።

«አውቶቡሱ ይሸታል» ትላለች።

በቃሉ ማታ አጠገቧ ተቀምጦ ምን ሆነሽ አላት። ሰማሁ። «አሪየት ፎቶዋን ጠልታዋለች» አለችው። «እሷም ታፍራለች። እኔ አታፍርም ብዬ ነበር።»

በቃሉ ወደ ሳሎን ሲመጣ ልነግረው ነበር። ቴሌቪዥን ከፈተ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5

ለአይዳ መንገር አለብኝ። ሰኞ እነግራታለሁ። ሰኞ የጠዋት ፈረቃ የለኝም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

አልነገርኳትም።

ጓደኛዋ ፋጥማ ቤት መጥታ ነበር፤ የክፍሏ ልጅ ናት፣ የሶማሌ ልጅ። መኝታ ቤት ሆነው ይሥላሉ። ፎጣ ላስቀምጥ ሳልፍ ፋጥማ በኖርዌጂያንኛ «ያቺ አውቶቡስ የምትነዳው ጥቁር ሴትዮ ዘመድሽ ናት?» አለቻት።

«አይደለችም» አለች አይዳ። «እኔ እንደሷ አይደለሁም። እኔ ሐበሻ ነኝ።»

ፋጥማ መሣሏን ቀጠለች። የእርሳስ ድምፅ ብቻ።

የኔ ቃል ነው፤ ከነድምፁ። አንደኛ ክፍል ሳለች ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የተፋሁባትን ልጄ ዛሬ አፏ ውስጥ ይዛዋለች፣ ለሌላ ልጅ እየሰጠች።

ፎጣውን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እውነቴን ነው፣ አስመለሰኝ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ጠዋት አብሬያት ወጣሁ። «እኔም በእግሬ እሄዳለሁ» አልኳት። ጨለማ ነው፤ በረዶው ከጫማ ሥር ይጮሃል። ፌርማታውን አለፍን። የኪዮስኩ ጥግ ስንደርስ፣ ሳላስበው፣ እግሬን ሳላቆም፦

«ፎቶውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አሪየት አልጠላችውም። ለአንቺ ስትል ዋሸችሽ።»

ቆመች።

«የት አደረግሽው?»

«ቆሻሻ ውስጥ።»

«ከምን ጋር?»

«ከሙዝ ልጣጭ ጋር።»

አሰበች። «ጽሑፉንስ?»

«እኔ ነኝ።»

«የኔን እጅ ጽሑፍ አስመስለሽ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ሰው እንዳያወራብሽ። ኮሚቴው። ሥራዋ። አንድ ወር ሙሉ እዚህ ደብተር ላይ ስሠራቸው የቆየሁት ሁሉ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው፦

«እሷን እንድትመስዪ ስላልፈለግኩ።»

«እመስላታለሁ እኮ» አለች አይዳ።

አልተቆጣችም። የተሳሳተ አድራሻ እንደምታርም ነው የተናገረችው። ከዚያ ዞራ ወደ ፌርማታው መመለስ ጀመረች። ሁለት እርምጃ ተከተልኳት።

«አትምጪ።»

ቆምኩ። በረዶ ላይ ስትሄድ ቦርሳዋ ላይ ያለው አንጸባራቂ በመኪና መብራት እየበራ እየጠፋ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ መጀመሪያ አልገባችም፤ ታች ሆና ወደ ሾፌሯ ቀና ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ከቆምኩበት አይሰማም። ገባች።

እኔ መሳፈር የነበረብኝም እሱኑ ነበር።

ሥራ ስደርስ ግማሽ ሰዓት አርፍጃለሁ። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች።

«አውቶቡሱ ዘገየ» አልኳት።